የሰባ ዓመት ድንበር፤ ከቆሽት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ለአረጋውያን ስለሚሰጠው መድኃኒት

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድን የሕክምና ሙከራና ከሙከራው ወዲህ የተለመደውን አነባበብ ነው። ሙከራው ፕሮዲጅ 24 ይባላል። በፈረንሳይና በካናዳ በሚገኙ 77 ሆስፒታሎች ተካሂዶ ውጤቱ በ2018 ታተመ፤ የአምስት ዓመት ክትትሉም በ2022 ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ፣ የቆሽት ካንሰሩ በቀዶ ሕክምና ለወጣለት ሰው ቀጥሎ ምን መድኃኒት ይሰጠው ተብሎ ሲጠየቅ፣ በብዙ ስፍራ መልሱ ይኸው ሙከራ ሆኗል። እኛም ከጓደኞቻችን ጋር ስንወያይ ሁለት ዓይነት አነጋገር ደጋግመን ሰምተናል። አንደኛው «የበለጠው መድኃኒት ይህ ስለ ሆነ ለሁሉም ይሰጥ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሰውየው ሰባ ካለፈ ይቅር» የሚል ነው። ሁለቱ አነጋገሮች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ እኛ ግን ከአንድ ስሕተት የተወለዱ መንትዮች ናቸው እንላለን። ሙከራውን ራሱን አንነቅፍም፤ በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ ነው። የምንነቅፈው ሙከራው ያልተናገረውን እንዲናገር ማድረጉን ነው።

ቆሽት በአማርኛችን ከሕክምና ይልቅ በንዴት የታወቀ ብልት ነው። ሰው ሲናደድ ቆሽቱ አረረ ይባላል፤ ቆሽቱ ታመመ ሲባል ግን እምብዛም አይሰማም። ከጨጓራ በስተኋላ ተጋድሞ ምግብ የሚያልሙ ፈሳሾችንና ኢንሱሊንን የሚሠራው ይህ ብልት በራሱ በኩል ካንሰር ሲይዘው የሐሞቱን ቱቦ ይጫናል፤ የሕመምተኛውም ዓይን ቢጫ ይሆናል። ሕዝባችን ይህን «የወፍ በሽታ» ብሎ ስለሚያውቀው መድኃኒቱን በመጀመሪያ ከባህል ሐኪም ዘንድ የሚፈልግ ብዙ ነው። በዚህም ጊዜ ያልፋል። በሠለጠኑት አገሮች እንኳ በሽታው ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ለቀዶ ሕክምና የሚበቁት ከመቶ 15 ወይም 20 ብቻ ናቸው። ቀዶ ሕክምናው በ1935 አሠራሩን ባሳተመው በአሜሪካዊው ሐኪም በአለን ዊፕል ስም ይጠራል፤ የቆሽቱን ራስ፣ የትንሹን አንጀት መነሻ፣ የሐሞት ከረጢቱንና የሐሞቱን ቱቦ ከፊል አውጥቶ የቀረውን መልሶ መቀጠል ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ በደኅና ተፈጽሞም በሽታው በብዙዎቹ ላይ ይመለሳል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መድኃኒት የሚሰጠው ስለዚህ ነው።

ይህ መድኃኒት ባዶ ተስፋ አለመሆኑ በየደረጃው ታይቷል። በ2004 የታተመው ኤስፓክ 1 መድኃኒት ባገኙትና ባላገኙት መካከል የ20.1 እና የ15.5 ወር ልዩነት አሳየ፤ ይህም ማለት በየወገኑ ከነበሩት ሰዎች ግማሾቹ ከዚያ በላይ ኖሩ ማለት ነው። በጀርመን የተጀመረው ኮንኮ 001 ጀምሲታቢን የተባለውን መድኃኒት ከባዶ ክትትል ጋር አወዳድሮ፣ አምስት ዓመት የኖሩት ከመቶ 20.7 በአንድ በኩል፣ ከመቶ 10.4 በሌላው በኩል መሆናቸውን በ2013 አስታወቀ። በ2017 ደግሞ ኤስፓክ 4 በጀምሲታቢን ላይ ካፔሲታቢን የሚባለውን የሚዋጥ ኪኒን ቢጨምር 25.5 ወር የነበረው 28 ወር መድረሱን ገለጠ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ፕሮዲጅ 24 የመጣው። 493 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ጀምሲታቢን፣ ግማሾቹ ፎልፊሪኖክስ የተባለውን የአራት መድኃኒት ቅልቅል መጠኑ ጥቂት ተቀንሶ ወሰዱ። በመጀመሪያው ሪፖርት መካከለኛው የሕይወት ዘመን 35 ወር በጀምሲታቢን፣ 54.4 ወር በፎልፊሪኖክስ ሆነ። በዚህ በሽታ ታሪክ ይህን የሚያህል ቁጥር ታይቶ አያውቅም፤ የዓለም ሐኪሞች ቢደነቁ አያስወቅሳቸውም።

አሁን ቁጥሩን ትተን ሰዎቹን እንመልከት። የቆሽት ካንሰር የሽማግሌዎች በሽታ ነው፤ በአሜሪካ በሽታው የሚታወቅበት መካከለኛ ዕድሜ 70 ያህል ነው። የሙከራው ሰዎች መካከለኛ ዕድሜ ግን 63 ነበረ። ሕጉ እስከ 79 ዓመት ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በሩን ከፍቶ መተውና ሰው መግባቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለመግባት ከቀዶ ሕክምናው በ12 ሳምንት ውስጥ ማገገም፣ ከአልጋ ተነሥቶ ራስን መቻል፣ ከባድ የልብ ሕመም የሌለበት መሆን፣ በደም ውስጥ የሚለካው ሲኤ 19-9 የተባለው ምልክትም ከተወሰነው በላይ አለመሆን ያስፈልግ ነበር። ቁስሉ ያመረቀዘበት፣ ክብደቱ የወረደ፣ ልቡ የደከመ ሽማግሌ በዚህ ወንፊት ላይ ቀርቷል። ስለዚህ 54.4 የሚለው ቁጥር የቆሽት ካንሰር ታሪክ አይደለም፤ ወንፊቱን ያለፉ ሰዎች ታሪክ ነው።

ያለፉትም ቢሆኑ በቀላሉ አልተወጡትም። ከባድ የሚባል ጉዳት የደረሰባቸው በፎልፊሪኖክስ ከመቶ 75.9፣ በጀምሲታቢን ከመቶ 52.9 ነበሩ። የታቀደላቸውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው የወሰዱት በመጀመሪያው ከመቶ 66.4፣ በሁለተኛው ከመቶ 79 ናቸው። ለሙከራው ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ በመድኃኒቱ ምክንያት ሞተ የተባለው አንድ ሰው ብቻ እንደ ሆነና እርሱም ከጀምሲታቢን ወገን እንደ ነበረ መናገር ይገባናል። ይሁን እንጂ ይህ የሆነው ትኩሳት በተነሣ ሰዓት በሩ ክፍት የሆነ ሆስፒታል ባለበት አገር ነው። የ2022ቱ ሪፖርት ራሱ፣ ዕድሜን ብቻ ሳይሆን ብዙ ሕመምተኛ የሚያክም ትልቅ ማዕከል መሆንንም ከሕይወት ርዝመት ጋር ከተያያዙት ነገሮች መካከል ቆጥሮታል። ይህ ዐረፍተ ነገር በውይይታችን ሲጠቀስ አልሰማንም፤ ለእኛ አገር ግን ከ54.4 ይልቅ የሚያስፈልገን እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩን ወደ አገራችን ለማምጣት፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የሚኖሩ የ74 ዓመት አባት በሐሳባችን እናቁም። የምንናገረው ስለ አንድ የታወቀ ሰው አይደለም፤ ለምሳሌ ያህል ነው። ስሙን ከልብስ ስፌት ፋብሪካ ያገኘው ይህ ሰፈር በጀሞ፣ በለቡና በሐና ማርያም መካከል የታክሲና የከባድ መኪና መተላለፊያ ነው። እኒህ አባት ከልጃቸው ጋር ኮንዶሚኒየም ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ እንበል፤ ሊፍት የለም። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገላቸው ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ፎልፊሪኖክስ ቢታዘዝላቸው በየ14 ቀኑ 12 ጊዜ መድኃኒት መውሰድ አለባቸው። ከአራቱ አንዱ፣ ፍሉሮዩራሲል የሚባለው፣ በደም ሥር 46 ሰዓት ሙሉ በዝግታ የሚገባ ነው፤ ስለዚህ ወይ ሁለት ሌሊት ተኝተው ይወስዳሉ፣ ወይ ትንሽ ፓምፕ ታጥቀው ወደ ቤታቸው ተመልሰው በሦስተኛው ቀን ለማስነቀል ዳግም ይመጣሉ። ይህም 12 ጊዜ ሲባል 24 ጉዞ ነው። ጀምሲታቢን በአራት ሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ለስድስት ዙር ሲሰጥ 18 ጉዞ ይሆናል፤ ካፔሲታቢን ቢጨመርበት ኪኒን ስለ ሆነ ጉዞ አይጨምርም። በየጉዞው ከአራተኛ ፎቅ መውረድ፣ ወደ ሜክሲኮ በሚሄደው ታክሲ መሳፈር፣ ከዚያ ወደ ጥቁር አንበሳ መሻገር፣ ደምን አስመርምሮ ውጤት መጠበቅ፣ ማታም ደረጃውን መልሶ መውጣት አለ። ከሥራው የሚቀረው ልጅም ይቈጠር። ጉዞ የሚቆጥር ሠንጠረዥ በማናቸውም የሙከራ ሪፖርት ውስጥ አላየንም።

ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ኦክሳሊፕላቲን ደግሞ የእጅንና የእግርን ነርቭ ስለሚነካ ቀዝቃዛ ውኃ መንካት እንደ መርፌ ይወጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ በክረምት ማለዳ፣ ከቧንቧ ውኃ እጃቸውንና ፊታቸውን ለሚታጠቡ ሽማግሌ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እግር ሲደነዝዝም ደረጃው አደጋ ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ነጭ የደም ሕዋስ ሲያልቅ የሚነሣው ትኩሳት ነው፤ እስኪነጋ የማይጠበቅ ነገር ነው። ሕመምተኛው ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ቢያተኵሱ ልጃቸው የሚያውቀው ስልክ፣ የሚያገኘው መኪና፣ የሚቀበላቸው ክፍል መኖሩ ሳይጠየቅ የመድኃኒቱ ማዘዣ ሊጻፍ አይገባም ብለን እናምናለን።

እንግዲህ ከዚህ በላይ ያልነውን ያነበበ ሰው «ስለዚህ ለሽማግሌ ይቅርባቸው» ይል ይሆናል። ሁለተኛው ስሕተት ይኸው ነው። በመጀመሪያ፣ ድንበር የተባለው ሰባ ዓመት በእኛ ዘንድ የሚለካ ነገር ነውን? የልደት የምስክር ወረቀት ለብዙዎቹ ሽማግሌዎቻችን በኋላ የመጣ ነገር ነው። ዕድሜ የሚቆጠረው በታሪክ ነው፤ አንዱ በብር ኢዮቤልዩ ጊዜ፣ በ1955፣ ሕፃን ነበርሁ ይላሉ፤ ሌላው በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ፣ በ1960፣ ከብት እጠብቅ ነበር ይላሉ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ የስድስት ዓመትም የዐሥራ አንድ ዓመትም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የአምስት ዓመት ስፋት ባለው መለኪያ አንድን ሰው ከሰባ በታች ወይም ከሰባ በላይ ብሎ ከሕክምና መከልከል፣ እንኳን ርኅራኄ ይቅርና ሒሳብም አይደለም። በካርዱ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ካርዱን የጻፈው ሰው ግምት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይበልጣል። ከኤስፓክ 3 ሙከራ የተገኘና በ2014 የታተመ አንድ ምርመራ፣ የሕመምተኛውን ዕድል የሚወስነው መድኃኒቱን ቶሎ መጀመሩ ሳይሆን ስድስቱን ዙር መጨረሱ መሆኑን አሳይቷል፤ እስከ 12 ሳምንት ቢዘገይ የተለየ ጉዳት አልታየም። ይህን ውጤት ከፕሮዲጅ 24 አጠገብ አድርገን ስናነበው የሽማግሌው ጉዳይ ሌላ መልክ ይይዛል። የሚጠየቀው «ከመድኃኒቶቹ ኃይለኛው የትኛው ነው» ወይም «ዕድሜያቸው ስንት ነው» መሆኑ ቀርቶ «እኒህ ሰው እስከ መጨረሻው ሊወስዱት የሚችሉት የትኛው ነው» ይሆናል። በሦስተኛው ዙር ከሚቋረጥ ፎልፊሪኖክስ እስከ ስድስተኛው ዙር የሚዘልቅ ጀምሲታቢን ይሻላል ብለን እንገምታለን። ይህ ግምታችን ነው እንጂ በሙከራ የተረጋገጠ አይደለም፤ ነገር ግን ጠንካራውን ቅልቅል ለደካማ ሽማግሌ ማዘዙም እንዲሁ በሙከራ አልተረጋገጠም። ጠንካራ፣ ደረጃውን ሳያርፉ የሚወጡ፣ ልባቸውና ኩላሊታቸው ደኅና የሆነ የ76 ዓመት ሰው ደግሞ ፎልፊሪኖክስን ሊችሉ ይችላሉ፤ እነርሱን በቁጥር ብቻ ማስቀረት በደል ነው።

የአንድ አገር ውጤት ወደ ሌላው አገር እንደ ዕቃ ተጭኖ እንደማይሄድ ከራሱ ከዚህ በሽታ ምሳሌ አለን። በጃፓን ጃስፓክ 01 የተባለው ሙከራ ኤስ 1 የሚባለውን ኪኒን ከጀምሲታቢን ጋር አወዳድሮ በ2016 ባወጣው ውጤት፣ አምስት ዓመት የኖሩት ከመቶ 44.1 እና ከመቶ 24.4 ሆኑ። ይህን የመሰለ ብልጫ ያለው ኪኒን አውሮፓውያን እንደ ጃፓኖች ለምን ወዲያው አልያዙትም? ጃፓናውያን የሚችሉትን መጠን የአውሮፓ ሰዎች ሰውነት ስለማይችለው ነው። አውሮፓውያን የጃፓንን ውጤት «በእኛ ዘንድ ገና ይፈተን» ካሉ፣ እኛም የፈረንሳይን ውጤት እንዲሁ ብንል ትዕቢት አይባልብንም።

ታዲያ አቅም በምን ይለካል? ጋፕ 70 የተባለውና በ2021 የታተመው የአሜሪካ ሙከራ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ የሆኑ 718 ሰዎችን ይዞ፣ ሐኪሙ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት የአረጋዊውን አካሄድ፣ አመጋገብ፣ ማስታወስ፣ ረዳትና ሌሎች ሕመሞች ተመርምረው ቢነገሩት ከባድ ጉዳት ከመቶ 71 ወደ 51 መውረዱን አሳይቷል፤ በዚህም ምክንያት የሰዎቹ ሕይወት አላጠረም። እነዚህ ግን ካንሰራቸው የማይድን ሰዎች ስለ ነበሩ ውጤቱን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ላሉት በቀጥታ ልንገለብጠው አንችልም። ጥያቄዎቹም ቢሆኑ ለእኛ እንደገና መጻፍ አለባቸው። ሰውየው ብቻቸውን ገበያ ወጥተው ይገዛሉን? ምግባቸውን ያበስላሉን? የሚል ጥያቄ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሌላ ሰው ሲያበስልላቸው ለኖሩ አባት ምንም አይናገርም። «ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ በእግርዎ ሄደው ይመለሳሉ? ደረጃውን ስንት ጊዜ ዐርፈው ይወጣሉ? ዕድር ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተገኙት መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ያስረዳል።

ስለ ምግብ ጥቂት መጨመር ግዴታችን ነው፤ ምክንያቱም ስለ መድኃኒት ምርጫ ይህን ያህል ሲጻፍ ስለ ምግብ እምብዛም አይጻፍም። ቆሽቱ በከፊል የወጣ ሰው ቅባትንና ፕሮቲንን የሚያልመው ፈሳሽ ይጎድለዋል። የሚበላው ቅባት በደንብ ሳይልም በሰገራ ይወጣል፤ ሰውነቱም ይከሳል። ለዚህ የሚሰጠው ከምግብ ጋር የሚዋጥ ኢንዛይም ነው። ይህ ካልታወቀ ተቅማጡ «የኬሞ ነው» ተብሎ መድኃኒቱ በከንቱ ይቋረጣል። ወይም በተቃራኒው ከኢሪኖቴካን የመጣው አደገኛ ተቅማጥ «የቆሽቱ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱን የመለየት ነገር ለሽማግሌው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ጾም አለ። የመድኃኒቱ ዘመን 24 ሳምንት ነው፤ በማናቸውም ወር ቢጀመር ከሁዳዴው 55 ቀን፣ ከሰኔው ጾም፣ ከፍልሰታ ወይም ከነቢያት ጾም አንዱን ሳይነካ አያልፍም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሕመምተኛን ከጾም ነጻ ታደርጋለች፤ ነገር ግን ስድሳ ዓመት የጾሙ እናት ሐኪም ስለ ነገራቸው ብቻ በዐቢይ ጾም ወተትና ዕንቁላል አይቀምሱም። የንስሐ አባታቸው ሲነግሯቸው ግን ይቀምሳሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ከመጀመሪያው ዙር በፊት «የንስሐ አባትዎ ያውቃሉን?» ብሎ ቢጠይቅ ከሥራው ውጭ የሆነ ነገር አደረገ አይባልም። ለሚጾሙትም ቢሆን በሽሮና በምስር ምን ያህል ፕሮቲን እንደሚገኝ ቆጥሮ መንገር ይቻላል፤ ዐሥራ ሁለቱ ሳምንት የማገገሚያ ጊዜ የተፈቀደው ለዚህ ዓይነት ሥራ ጭምር ነው።

የቀረው የመናገር ጉዳይ ነው። በብዙ ቤቶቻችን የሕመሙ ስም ለሽማግሌው አይነገርም፤ ልጆቹ ሐኪሙን በኮሪደር ይዘው «እባክዎ ለአባባ አይንገሯቸው» ይላሉ። ከፍቅር የመጣ ነገር ስለ ሆነ በፌዝ አናየውም። ነገር ግን ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት ከሌላው ይለያል፤ ሕመም ለማስታገስ አይሰጥም፤ ደኅና ነኝ የሚለውን ሰው ለስድስት ወር የሚያሳምም ነው። ካንሰር እንደ ነበረባቸውና ሊመለስ እንደሚችል ያልተነገራቸው አባት ዓይናቸው ነጽቶ፣ ቁስላቸው ድኖ ሳለ በየሳምንቱ ለምን እንደሚያስመልሳቸው አይገባቸውም፤ በሁለተኛው ወር «በቃኝ» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ስለ መጨረስ የተናገርነው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ከወንድ ልጃቸው ጋር ሳይሆን ከእርሳቸው ጋር ተቀምጦ «ይህን ብንወስድ ከመቶ ይህን ያህል ሰው ይኖራል፣ ባንወስድ ይህን ያህል፣ በመካከሉ የሚደርስብዎ ይህ ነው» ብሎ መንገር፣ ምናልባትም ሁለት ቀጠሮ የሚፈጅ ሥራ ነው።

በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በዋናነት የሚቆጥረው ስንት ሰው በየትኛው ካንሰር እንደ ታመመ ነው። ለጥያቄያችን የሚያስፈልገው ሌላ አነስተኛ መዝገብ ነው፤ ይኸውም ከዊፕል በኋላ ከስድሳ አምስት በላይ ከሆኑት ስንቶቹ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ የትኛው፣ በስንተኛው ሳምንት ጀመሩ፣ ስንት ዙር ወሰዱ፣ ያቋረጡትስ በትኩሳት ነው፣ በክብደት መውረድ ነው፣ በመድኃኒት መጥፋት ነው፣ በታክሲ ገንዘብ ነው ወይስ «በቃኝ» በማለት። ስድስት ዐምድ ያለው አንድ ደብተር ይበቃዋል፤ ከሕክምና ተማሪዎች ሁለቱ ወይም ሦስቱ ፈቃድ አግኝተው በአንድ ዓመት ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር ነው።